ክንዱ፣ ብሌዱና የጠፋው ወናፌ

ባሌ ክንዱ ሲያጎርስ ሰው ያንቃል። ለሐሜት አይደለም የምለው፤ በሠርጋችን ቀን እኔንም አንቆኝ፣ ሚዜዬ ጀርባዬን ደብድባ ናት ያተረፈችኝ። ዘመዶቼ «ሙሽራው ገደላት!» እያሉ ሲንጫጩ እሱ ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለለ ነበር። «ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» ይላል እስከ ዛሬ። ጠላ ሲቀዳ ጠረጴዛው ጭምር ይጠጣል። የሽንኩርቱን መደብ አጠጣ ስለው ሽንኩርቱ ይንሳፈፋል። ለጎረቤት ጨው አድርስልኝ ብዬ ስልከው ከነዕቃው ሰጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ማታ እኛ ጨው የሌለው ወጥ እንበላለን።

እኔ የሺአረግ እባላለሁ። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር፣ አሳ ጠብሼ እሸጣለሁ። አምባዛ የፈለገ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ቀረሶ የፈለገም እኔ ዘንድ ይመጣል። አጠገቤ ሸዋዬም ትጠብሳለች። ስለ እሷ አሳ ግን ምንም አልናገርም፤ ዛሬ ጾም ነው።

ክንዱ ደግሞ የምህንድስና ተማሪዎች በሚማሩበት አንድ ግቢ፣ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ቴክኒሽያን ነው። የግቢውን ስም አልጠራም፤ የጡረታ ደብዳቤው ገና በእጃችን አልገባም። ዶክተሮቹ በወረቀት ይስላሉ፣ ክንዱ በብረት ይሠራል። የተሳለው የማይሆን ከሆነ ዝም ብሎ አስተካክሎ ይሠራውና «እንደ ሥዕልዎ ነው የሠራሁት» ብሎ ያስረክባቸዋል። እኔ ብሆን አደባባይ አውጥቼ እናገር ነበር።

አምና ወንጌላዊት የምትባል ተማሪ መጣችበት። የማክሰኝት ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር መጥታ ፔዳ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቀጭን፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምታሲዝ፣ ሆዷ እየጮኸ እንኳ «በልቻለሁ» የምትል ልጅ። ክንዱ በምሳ ሰዓት ወደ እኔ ይዟት ሲመጣ አንጀቴን በላችኝ። እኛ ሦስት ወንዶች ወልደናል፤ ሦስቱም አዲስ አበባ ገብተው የስልክ ድምፅ ብቻ ሆነዋል። ስለዚህ ልጂቱን አሳ አበላኋት፣ በማግሥቱም አበላኋት፣ እያደር ልጄ ሆነች።

«ለመሆኑ የምትማሪው ምንድን ነው?» አልኋት አንድ ቀን።

«ጋዝ ተርባይን ነው፣ እትዬ የሺ። የብሌድ አቀዛቀዝ።»

«ልጄ፣ ለአሳ ጠባሽ እንደሚነገር አድርገሽ ንገሪኝ።»

ሳቀችና ነገረችኝ። ኤሌክትሪክ ለማመንጨትም ሆነ አውሮፕላን ለማብረር ነዳጅ ይነድዳል። ከዚያ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ እንደ ቬንትሌተር ክንፍ የተደረደሩ ብረቶችን እየገፋ ያሽከረክራል። ብሌድ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ጋዙ ግን ብረቱን ሊያቀልጥ እስኪችል ድረስ ይግላል።

«ታዲያ ለምን አይቀልጥም?»

«ብሌዱ ውስጡ ክፍት ነዋ! ቀዝቃዛ አየር በውስጡ ይገባና በላዩ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣል። ከዚያ በብሌዱ ገላ ላይ ስስ ሆኖ ይተኛል፣ እንደ ነጠላ። ትኩሱ ጋዝ ከነጠላው በላይ ያልፋል እንጂ ብረቱን አያገኘውም።»

እሳት መሀል በነጠላ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልሁ። ግን ገባኝ፤ ስትናገር ዓይኗ ስለሚበራ የማይገባ ነገርም ይገባል።

ይህን የምትሞክርበትን ብሌድ የሠራላት ክንዱ ነው። ለመለካት እንዲመች ተልቆ የአምባዛ ቁመት ያህላል። አርባ አራት ቀዳዳ በስቶበታል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዝንባሌ፣ ሁሉም የጤፍ ፍሬ የሚያሳልፍ የስንዴ ፍሬ የማያሳልፍ። ቤት ሲገባ «ዛሬ ሰባት ቀዳዳ» ይለኝ ነበር፣ ልጅ እንደ ተወለደለት ሰው። ከዚያ በጣውላና በቆርቆሮ እንደ ቧንቧ ያለ ረጅም ሣጥን ሠርቶ ብሌዱን መሀሉ አቆመው። በአንድ በኩል በማሞቂያ የጋለ አየር ይነፍስበታል። በሌላ በኩል አንዲት ትንሽ ነፊ ሞተር ቀዝቃዛውን አየር በብሌዱ ሆድ ውስጥ ትሰዳለች። ሙቀቱን የሚለኩ ሽቦዎች ብሌዱ ላይ ተለጥፈው ቁጥሩ በስክሪን ይታያል። በቃ፣ ያ ነው ነገሩ። ጡረታው ሰኔ ሠላሳ ስለሆነ የመጨረሻ ሥራው መሆኑ ነው።

ግንቦት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያቺ ትንሽ ሞተር ተቃጠለች። ሌላ ይገዛ ቢባል «ከመስከረም በኋላ» ተባለ። ወንጌላዊት ልታለቅስ ስትል ክንዱ «አይዞሽ ልጄ፣ መላ አለኝ» አላት። ሰኞ ጧት ስትገባ በሞተሯ ቦታ ግራጫ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጦ አየር ይነፋል። ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም። ጋሽ ክንዱ የሠራውን ማን ይጠይቃል?

ያንኑ ሰኞ ጧት የእኔ ወናፍ ጠፋ።

ወናፌን ላስተዋውቃችሁ። ትልቁ ልጄ የላከልኝ የከሰል ማቀጣጠያ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይነፋል። ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ያለው መዘውር አለው። አንድ ጊዜ ከእጄ ወድቆ ከውስጡ አንዲት ክንፍ ስለተሸረፈች ሲዞር ጠክ ጠክ ጠክ ይላል። ያን ድምፅ ከሺህ ወናፍ መሀል እለየዋለሁ። ያን ዕለት ከሰሉን አቀጣጥላለሁ ብዬ እጄን ብሰድ ባዶ ቦታ ዳሰስሁ።

ዓይኔ በቀጥታ ወደ ሸዋዬ ሄደ። ከሰሏ ፏ ብሎ ነድዷል።

«የሰው ወናፍ ሰርቀሽ ያነደድሽው እሳት ራስሽን ይጥበስሽ!» አልኋት፣ ደንበኛ ፊት።

«እኔ ወናፍ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ቸግሮኝ ቢሆን አፍሽን እቀጥረው ነበር።»

ደንበኞቹ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። እኔ በካርቶን እያራገብሁ፣ ጭሱ ዓይኔን እያወጣው፣ እሷን በጎን እያየሁ አሳ ጠበስሁ። ለክንዱ ብነግረው «ሸዋዬ አትሰርቅም» አለኝና ውልቅ ብሎ ሄደ። ለእሷ ጥብቅና መቆሙ ይብስ አበገነኝ።

በዚህ መሀል ወንጌላዊት መብላት አቆመች። ሣህኑን ወደኋላ ትገፋለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ብሌዱ አልቀዘቅዝ አለ፣ እትዬ የሺ። ቀዝቃዛ አየር ሳልለቅበት ሰማንያ አንድ ዲግሪ ነው። ስለቅበት ሰማንያ ሁለት።»

ቀዝቃዛ ሲጨመር የሚግል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። የምትለቀውን አየር መጠን የሚያሳየው መለኪያም መርፌው ዳር ሄዶ ተለጥፏል። ቀድሞም አንድ ሁለት ጊዜ ስላስቸገረ ተበላሸ ተብሎ ተተወ። መምህሯ ዶክተር ባምላክ ክፉ ሰው አይደለም፤ ገና ወጣት ነው፣ ክንዱንም ያከብረዋል። ግን አስቦ አስቦ አንድ ቀን «ጋሽ ክንዱ፣ ቀዳዳዎቹ ዝንባሌያቸው የተሳሳተ ይመስለኛል» አለው።

ይህች ቃል ክንዱን ገደለችው። መነጽሩን አድርጎ፣ ባትሪ ይዞ፣ አርባ አራቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ለካ። ጨርሶ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ቀዳዳ ሁሉ ልክ ነው፤ ብሌዱ ግን ይግላል። አየሩን ለአፍታም አልጠረጠረም። ምን ብሎ ይጠርጥር? አብዝቶ ሰጥቷታል!

ልጂቱ ደግሞ ጊዜ አልነበራትም። የማስረከቢያ ቀኗ አንድ ጊዜ ተራዝሞላታል፤ ሁለተኛ አይራዘምም። ፕሮፌሰር ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ፈታኝ ከአዲስ አበባ ሐሙስ ይመጣሉ፣ መሣሪያው ሲሠራም በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም ብለዋል። ብሌዱ ሐሙስ ካልቀዘቀዘ ወንጌላዊት ሳትመረቅ ማክሰኝት ትመለሳለች። አባቷ ለምረቃዋ ለብሶት የሚመጣውን ጋቢ አሠርቶ ጨርሷል።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ክንዱ ብቻውን መጣ። አሳውን ሳይነካ እጁን ዘርግቶ መዳፉን ተመለከተ።

«የሺ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለኝ እጅ በመጨረሻው ልጂቱን ጣላት» አለኝ።

ከእንጀራው ቆርሶ ለድመቷ እንኳ አልሰጠም። ተቆጣሁት፤ እኔ ሳዝን ነው የምቆጣው። እናንተ ወናፌ የት እንዳለ ነቅታችሁ ይሆናል። እኔ ግን ሸዋዬን እያየሁ ነበርሁ።

ሐሙስ ጧት ለፈታኞቹ ምሳ አሳ ጥበሽልን ተብዬ ነበርና በካርቶን እያራገብሁ ሃያ ቀረሶ ጠበስሁ። በሳፋ አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ፣ ባጃጅ ይዤ ግቢው ደረስሁ። የወርክሾፑ በር ገርበብ ብሏል። ልገባ ስል ሰማሁት።

ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ።

ደሜ ፈላ። ሳፋውን እንደ ያዝሁ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። አንድ ሽበታም ሽማግሌ ከዘራ ተደግፈው ስክሪኑን ይመለከታሉ። ስክሪኑ ሰማንያ ሁለት ይላል። ዶክተር ባምላክ መሬት መሬት ያያል። ወንጌላዊት እርሳሷ ከፀጉሯ ወልቆ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ፈስሶ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ክንዱ ከጥግ ነው። እኔን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ድምፁ የሚመጣው ከግራጫው ሣጥን ነው። ሳፋውን መሬት አስቀምጬ በአሳ ቢላዬ የሣጥኑን ክዳን ፈልቅቄ ከፈትሁት።

ወናፌ! ዓይኔ እያየ፣ ተቀብሮ!

«ሌባ!» አልሁ። «ሌባው ከቤቴ፣ ከአልጋዬ! እኔ የሰው ልጅ ሸዋዬን ሦስት ሳምንት ስሰድብ!»

«የሺ፣ በሞቴ፣ እንግዳ አለ…» አለ ክንዱ።

«እንግዳም ይስማ! ያውም አምስት ላይ ከፍተኸዋል? አምስት ላይ ማን ይከፍታል? አምስት ላይ እሳቱ ከመጥበሻው ሥር ሸሽቶ ይወጣል፤ አሳው ጥሬውን ይቀራል፣ ለእኔ የሚተርፈኝ አመድ ነው! ከሁለት አይለፍ ብዬህ አልነበረም?»

መዘውሩን ይዤ አምስቱን ወደ ሁለት መለስሁት። ጠክታው ረጋ አለ። እኔም ትንፋሼን ሰብስቤ ሁለተኛውን ስድብ ላስከትል ስል ወንጌላዊት ክንዴን ጨመቀችኝ።

«ሰባ ስድስት» አለች።

«ምን?»

«ሰባ ሦስት… እትዬ የሺ፣ እየወረደ ነው!»

ሁላችንም ወደ ስክሪኑ ዞርን። ስልሳ ስምንት። ስልሳ አራት። ያ ዳር ላይ ተለጥፎ የነበረው የመለኪያ መርፌም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መሀል መጥቷል። ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ቁጥሩ ቆመ። ክንዱ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገ።

«ወይዘሮ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ «እባክዎ አምስት ላይ ይመልሱት።»

«ለምን ብዬ? እንዲቃጠል ነው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

መለስሁት። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣና ሰማንያ ሁለት ገባ። «አሁን ሦስት» አሉ። ሰባ። «ሁለት።» ሃምሳ ዘጠኝ። «አንድ።» ስልሳ ስድስት። እንዲህ እያልን ግማሽ ቀን ሄደ፤ አሳዬም ቀዘቀዘ። ሽማግሌው በመጨረሻ ከዘራቸውን ጥለው እስኪስሉ ድረስ ሳቁ።

«ነጠላ ወርውሮ የሚያለብስ ሰው አይታችኋል?» አሉ። «አየሩ ሲበዛ ከቀዳዳው ተወርውሮ ይወጣና ከብሌዱ ገላ ይነሣል። ትኩሱ በሥሩ ሾልኮ ይገባል። ለስለስ ብሎ ሲወጣ ነው የሚተኛው። ከመጠን ሲያንስም አይበቃም። ቀዳዳዎቹ እንከን የላቸውም። መለኪያችሁም ጤነኛ ነው፤ ዳር የሄደው በዛብኝ ሊላችሁ ነበር።»

ዶክተር ባምላክ ወደ ክንዱ ሄዶ ጎንበስ አለ። «ጋሽ ክንዱ፣ ሥራዎን በከንቱ ጠረጠርሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ግን ለምን አምስት ላይ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ክንዱ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያሻል። «እንዳይጎድልባት ብዬ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

እኔም ስድቤን ዋጥሁት።

ፕሮፌሰሩ ለወንጌላዊት ዐሥር ቀን ሰጧት። ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ሁሉ ለክታ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነም ሳትደብቅ እንድትጽፍ፤ ከዚያ ፊርማቸው አይቀርም። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና ወናፉ ለዐሥር ቀን ቢቆይ እፈቅድ እንደሆን ጠየቁኝ። «ይቆይ፤ ሲመለስ ግን ያ ግራጫ ሣጥን አብሮት እንዳይመጣ» አልሁ። የቀዘቀዘውን ቀረሶ አራት በሉ፤ ይመርቁኝ።

ከዚያ የሸዋዬ ነገር ቀረኝ። እያፈርሁ ሄድሁ። «ወናፌ ተገኘ» አልኋት። «የት?» አለች። ስነግራት ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። «እኔ ያልሁሽን አስታውሺ» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ሲቸግርሽ አፍሽ አለልሽ።» ይገባኛል ብዬ ትልቁን አምባዛ ሰጠኋት። የእሷ አሳ መጥፎ ነው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፣ አይደል?

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ክንዱ ተለወጠብኝ። ጡረታ ወጥቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ጠላ ሲቀዳ ግማሽ ብርጭቆ ይቀዳል። ሽንኩርቱን በጣሳ እየለካ ያጠጣል። ጨው አድርስ ስለው በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ይወስዳል። ዕድሜዬን ሙሉ «አታብዛ» ስለው የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ሲያሳንስ ሳይ ግን አልቻልሁም። ቤቱ ሰው የሞተበት መሰለ። «ምን ነካህ?» ብለው «ልጂቱን በማብዛት ልጥላት ነበር እኮ፣ የሺ» ይላል።

ሐምሌ ላይ ወንጌላዊት ተመረቀች። አባቷ አዲሱን ጋቢ ለብሶ ከማክሰኝት መጣ፤ ሙቀቱ እያላበው አላወልቅም አለ። ምሳው እኔ ዘንድ ሆነ። ሸዋዬ ሳትቀር ነበረች። ጥቁሩን የምረቃ ካባዋን ዘይት እንዳይነካው ስንጠነቀቅ ወንጌላዊት «ጋሽ ክንዱ፣ ያጉርሱኝ እንጂ» አለች።

ክንዱ እጁን ታጠበ። ከእንጀራው ጫፍ ቆረሰ፣ አጥንት የሌለበትን አሳ ፈልጎ ፍርፋሪ አደረገበት፣ ጠቀለለ። የሽንብራ ፍሬ ታህላለች። ሸዋዬ እኔን አየችኝ። አባትየው ጣሪያ አየ።

ወንጌላዊት እጁ ላይ ያለችውን ነገር አየቻት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንዳይበዛብሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ጋሽ ክንዱ» አለች፣ «እኔ ብሌድ አይደለሁም።»

ክንዱ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ እርጥብ ነው።

«ምን ታየኛለህ?» አልሁት። «አጉርሳት!»

ያቺን ሽንብራ ለድመቷ ወረወራት። ግማሽ እንጀራ ገሸለጠ፣ የቀረሶውን ጎን እንዳለ አነሣ፣ በሁለት እጁ ጠቀለለ፣ ልጂቱም ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ፊቷ ቀላ። እንባዋ ወረደ። ሸዋዬ ተነሥታ ጀርባዋን ትመታላት ጀመር፤ ክንዱም ሁለተኛውን መጠቅለል ጀምሯል። እኔ ውኃ ላመጣ ሮጥሁ።